የካርታ ምስል መቼ እንደተነሣ እንዴት ይታወቃል? ለአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ በኩል ቤት የሠራ፣ መሬት የወረሰ ወይም ቦታ ለመግዛት ዋጋ የቆረጠ ሰው አንድ ቀን ስልኩን አውጥቶ ሰፈሩን በሳተላይት ካርታ ላይ መፈለጉ አይቀርም። ያገኘውን ምስል የዛሬ አድርጎ መቁጠሩም የተለመደ ነው። ነገር ግን አምና ጤፍ በተዘራበት ማሳ ላይ ዘንድሮ መሠረት በሚቆፈርበት፣ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ክረምት ሳይገባ የቆርቆሮ ጣሪያ በሚደረደርበት በዚህ ዳርቻ፣ ቀኑ ያልታወቀ ምስል ሰውን ክፉኛ ሊያሳስት ይችላል።

ከዓመታት በፊት በሰፈራችን ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ መተላለፊያ ምክንያት ተጣልተው ሽማግሌ በተቀመጠበት ቀን እኔ ስልኬን አውጥቼ የሳተላይቱን ምስል አሳየሁ። በምስሉ ግርጌ የዚያን ዓመት ቁጥር አይቼ ስለነበር «ይኸው፣ ዘንድሮ አጥሩ አልነበረም፤ አሁን የታጠረ ነው» ብዬ ተናገርሁ፤ ሽማግሌዎቹም ቃሌን ተቀበሉ። ማታ ቤቴ ገብቼ በኮምፒውተር ሳጣራ ምስሉ የተነሣው ከሦስት ዓመት በፊት ሆኖ አገኘሁት። በእነዚያ ሦስት ዓመታት መካከል አጥሩ በማንኛውም ጊዜ ሊታጠር ይችል እንደነበር ሳላስብ አንድን ጎረቤት በሰው ፊት ሐሰተኛ አሰኝቼ ነበር። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ቃሌን አነሣሁ። ይህን መመሪያ በዝርዝር የምጽፈው ተመሳሳይ ስሕተት በሌላ ሰው እጅ እንዳይደገም ነው።

በይዞታ ጉዳይ «በ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታ ላይ ይታያል ወይስ አይታይም?» የሚለውን ጥያቄ ደጋግመን የሰማን ሰዎች ስለሆንን የምስል ቀን ምን ያህል ክብደት እንዳለው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ያልሁበት ሁሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ያልሁበት የእኛው ነው።

በግርጌ የተጻፈው ዓመት የምስሉ ቀን አይደለም

ጉግል ማፕስን በሳተላይት ገጽታው ሲከፍቱ በታችኛው ጠርዝ ላይ የቅጂ መብት ምልክት፣ የምስል አቅራቢ ድርጅቶች ስምና አንድ ዓመት ተጽፎ ያያሉ። ይህ ዓመት የባለመብትነት ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ አዲስ ዓመት ሲገባ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ምስሉ ግን የድሮው እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። ጉግል ማፕስ የሳተላይቱ ምስል የተነሣበትን ቀን አያሳይም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ያንን ቁጥር ከነጭራሹ መተውና ቀን ወደሚያሳይ ሌላ መሣሪያ መሄድ ነው።

በጉግል ኧርዝ ፕሮ ቀኑን ማንበብ

ጉግል ኧርዝ ፕሮ በኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ሲሆን ቀድሞ በክፍያ ይሰጥ የነበረው ከጥር 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፃ ሆኗል። ፕሮግራሙን ከፍተው ቦታዎን ካገኙ በኋላ «ቪው» ከሚለው ምናሌ «ስታተስ ባር» የሚለው ምልክት እንደተደረገበት ያረጋግጡ፤ በመስኮቱ ግርጌ «ኢሜጀሪ ዴት» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ቀን ይወጣል። ቀጥሎ በላይኛው የመሣሪያ ረድፍ ላይ ያለውን የሰዓት ምልክት ሲጫኑ የጊዜ ማንሸራተቻ ይመጣል፤ ወደ ግራ በሳቡት ቁጥር የቆዩ ምስሎች ይታያሉ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቆዩ ምስሎችን በአሳሽና በስልክ በሚሠራው ጉግል ኧርዝም ማየት ይቻላል፤ ለጥንቃቄ ሥራ ግን እኔ አሁንም የኮምፒውተሩን እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ማንሸራተቻው ያለበትን ቀን የምስሉ ቀን አድርጎ መውሰድ ነው። ማንሸራተቻውን ሰፈርዎ ምንም ምስል በሌለበት ቀን ላይ ቢያቆሙት ፕሮግራሙ ከዚያ በፊት የነበረውን ምስል ያሳይዎታል፤ ስለዚህ የሚታመነው በግርጌ ያለው ቀን እንጂ የማንሸራተቻው አይደለም። ሁለተኛው ከከፍታ ላይ ሆኖ ቀን ማንበብ ነው። ከሩቅ የሚታየው ገጽ የበርካታ ጊዜያት ምስሎች የተሰፉበት ስለሆነ በዚያ ከፍታ የሚወጣው ቀን፣ በተለይ የዓመቱ መጨረሻ ዕለት ሆኖ ሲመጣ፣ የአንድ ዕለት ፎቶግራፍ ቀን አይደለም። እያንዳንዱ ጣሪያ ለይቶ እስኪታይ ድረስ ይውረዱ። በነገራችን ላይ በግርጌ የሚጻፈው የዕይታ ከፍታ የሚቆጠረው ከባሕር ወለል ነው፤ የእኛ ዳርቻ ደግሞ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ «3 ኪሎ ሜትር» የሚል ንባብ ከመሬቱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ሦስተኛው የመገጣጠሚያ መስመር ነው። የማሳው ወይም የመንገዱ ቀለም በድንገት በቀጥታ መስመር ሲለወጥ፣ ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ቡናማ ሲሆን፣ ሁለት የተለያየ ቀን ያላቸው ምስሎች ተጋጥመዋል ማለት ነው። የሚፈልጉትን ጣሪያ በማያ ገጹ መካከል አድርገው፣ የመዳፊቱን ጠቋሚ ጣሪያው ላይ አሳርፈው ቀኑን ያንብቡ፤ መስመሩን ተሻግረውም ደግመው ያንብቡና ልዩነቱን ይመልከቱ።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ

ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን በአሜሪካውያን ልማድ፣ ወሩን አስቀድሞ ይጽፋል። «12/11/2016» የሚል ሲያዩ ታኅሣሥ 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ቀኑን አስቀድመው ካነበቡት ግን ኅዳር 3 ቀን ይሆንብዎታል፣ የአንድ ወር ስሕተት ማለት ነው። ለማረጋገጥ ማንሸራተቻውን እያንቀሳቀሱ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ያለበት ቀን ይፈልጉ፤ ያ ቁጥር የተቀመጠበት ቦታ የዕለቱ ስለሆነ ሌላው የወሩ መሆኑ ይታወቃል።

ዓመቱን ለመመለስ፣ ከመስከረም 1 እስከ አውሮፓውያኑ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ጊዜ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ላለው ደግሞ 8 ይቀነሳል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት፣ ለምሳሌ በ2012 እና በ2016 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 12 ስለሚውል ከዚያ እስከ አውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይዛነፋል። አንድ ቀን ለካርታ ሥራ ትንሽ ይመስላል፤ ከውል ወይም ከርክክብ ቀን ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ አይሆንም።

ሁለተኛ ምስክር፦ የኤስሪ ዌይባክ

አንድ ምንጭ ብቻውን በቂ አይደለም። ኤስሪ የተባለው የካርታ ኩባንያ «ወርልድ ኢሜጀሪ ዌይባክ» በሚል ስም ከየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያወጣቸውን የዓለም ሳተላይት ገጽታዎች በነፃ ያሳያል። በአሳሽዎ ስሙን ፈልገው ይክፈቱት፤ ሰፈርዎ ላይ ይውረዱና በግራ በኩል ከተዘረዘሩት ቀኖች አንዱን ይምረጡ። የተዘረዘሩት ቀኖች ግን ገጽታው ለሕዝብ የወጣባቸው እንጂ ሳተላይቱ ያነሣባቸው አይደሉም። ትክክለኛውን ቀን ለማግኘት ቀርበው ካዩ በኋላ የሚፈልጉትን ነጥብ በካርታው ላይ መጫን ያስፈልጋል፤ በሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ የተነሣበት ቀን፣ አቅራቢው ድርጅትና የምስሉ ጥራት ይጻፋሉ። በአካባቢው ለውጥ ያለባቸውን ቅጂዎች ብቻ የሚያስቀር ምርጫም አለው፤ እሱን ካበሩት ተመሳሳይ ምስል ደጋግሞ ከማየት ይድናሉ።

ባዶውን ጊዜ በሴንቲኔል ማጥበብ

ጥራት ያላቸው ምስሎች አንዳንዴ በመካከላቸው ሁለትና ሦስት ዓመት ይራራቃሉ። በመጀመሪያው ባዶ ሜዳ፣ በሁለተኛው የተሞላ ሰፈር ካዩ በመካከሉ መቼ እንደሆነ ለማወቅ የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል-2 ይረዳል። የመጀመሪያው ሳተላይት በሰኔ 2015፣ ሁለተኛው በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. የመጠቁ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ጥንድ ሳተላይቶች ተዳምረው አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሣሉ። «ኮፐርኒከስ ብራውዘር» በሚባለው ድረ ገጽ ሰፈርዎን አግኝተው፣ ከቀን መቁጠሪያው ላይ ዕለት መርጠው፣ የደመናውን መጠን ዝቅ አድርገው ምስሉን ያያሉ። እዚህ እያንዳንዱ ምስል የራሱ ዕለትና ሰዓት ስላለው ስለ ቀኑ ጥርጣሬ የለም።

የጎደለው ጥራት ነው። የምስሉ አንዲት ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ትሸፍናለች፤ በ100 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ ቤት ከአንዲት ነጥብ አይበልጥም ማለት ነው። አጥር፣ በር ወይም ሰርቪስ ቤት እዚህ አይፈለግም። የኮንዶሚኒየም ግንባታ፣ የተጠረገ መንገድ፣ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ደን ወይም በአንድ ጊዜ የተደረደሩ አዲስ ቆርቆሮዎች ግን ነጭ ሆነው አብረቅርቀው ይታያሉ። ከ2015 እ.ኤ.አ. በፊት ለነበረው ጊዜ ላንድሳት የተባለው የአሜሪካውያኑ ሳተላይት አለ፤ ነጥቡ 30 ሜትር ስለሆነ የሰፈር እንጂ የቤት ታሪክ አይነግርም።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። የሴንቲኔል ሰዓት የሚጻፈው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ እኛ ደግሞ ቆጠራችንን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስለምንጀምር 6 ይቀነሳል፤ በአጭሩ ከተጻፈው ሰዓት ላይ 3 መቀነስ ነው። «07:43» ተብሎ ቢጻፍ ከቀኑ 7 ሰዓት ሳይሆን ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ነው። ይህን የማነሣው ሰዓቱ ለሚቀጥለው ሥራ፣ ለጥላ ንባብ፣ ስለሚያስፈልግ ነው።

ምስሉ ራሱ ስለ ቀኑ የሚናገረው

የተጻፈው ቀን ትክክል መሆኑን የምመረምርበት፣ ከሁሉም የምወደው ዘዴ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው የሀገሩን ወቅት ማወቅ ብቻ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ሰማያችን በደመና ስለሚሸፈን ጥርት ያሉ ምስሎች በብዛት የሚገኙት ከጥቅምት ወዲህ ባሉት የበጋ ወራት ነው። «ነሐሴ» የተባለ ጥርት ያለ ምስል ካጋጠመዎ ቀኑን ደግመው ይመርምሩ።

ማሳውን በቅርብ ይመልከቱ። መስከረም መጨረሻ ላይ ገጠሩ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው። በኅዳር ጤፉ ወደ ወርቃማ ይዞራል፤ ከኅዳር ማገባደጃ እስከ ጥር የታጨደው እህል ክብ ክምር ሆኖ፣ አጠገቡ ደግሞ የተለቀለቀው አውድማ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ከላይ ይታያል። አንድ ጊዜ በሰንዳፋ መንገድ በኩል ያለ ማሳ ስመለከት ከክምሩ ጎን ያለውን የአውድማ ክብ፣ ከብቶቹ የረገጡትን የጭድ ቢጫ ቀለበት ሳይቀር ለይቼ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ምስል የሚያዝያ ሊሆን አይችልም። ከየካቲት በኋላ መሬቱ ይገረጣል፣ የታረሰውም ጥቁር አፈር ጎልቶ ይወጣል።

ጥላውን ደግሞ እንዲህ ያንብቡ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ 20ዎቹ፣ በቀትር አናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ባሉት ወራት ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ሰሜን። አብዛኞቹ ሳተላይቶች የሚያነሡት ከቀትር በፊት በረፋዱ ስለሆነ በበጋ ምስል የሕንፃ ጥላ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በግንቦትና በሰኔ ምስል ግን ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዘነብላል። ርዝመቱም ይናገራል፦ 15 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ በታኅሣሥ አጋማሽ በቀትር 9 ሜትር ተኩል ገደማ ጥላ ወደ ሰሜን ሲጥል፣ በሰኔ አጋማሽ ግን 4 ሜትር የማይሞላ ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል። «ሳንካልክ» የተባለው ድረ ገጽ ቦታና ዕለት ሲሰጡት የጥላውን አቅጣጫ ስለሚስልልዎ በእጅ ማስላት አይጠበቅብዎትም።

ጥላ ዓመቱን አይነግርም። በጥቅምት 10 እና በየካቲት 14 አካባቢ ያለው ጥላም እኩል ለማለት ይቻላል። ያኔ ወደ ማሳው ይመለሱ፤ በጥቅምት እህሉ ቆሟል፣ በየካቲት መሬቱ ባዶ ነው።

ዓመቱን ለመያዝ የሚታወቁ ግንባታዎችን ይጠቀሙ። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ለትራፊክ ተከፍቷል፤ የአዲስ–ጅቡቲ የባቡር መስመር የተመረቀው በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። መንገዱ ገና አፈር ሆኖ የሚታይበት ምስል ከመከፈቱ በፊት የተነሣ መሆኑ ግልጽ ነው።

የጎዳና ላይ ምስል

በጉግል ማፕስ ቢጫውን የሰው ምልክት ጎትተው ወደ ካርታው ሲያመጡት ሰማያዊ መስመርና ሰማያዊ ክብ ነጥቦች ይታያሉ። መስመሩ መንገዱን እየተከተለ የተነሣ ተከታታይ ምስል ሲሆን፣ ነጥቡ አንድ ሰው በአንድ ቦታ ቆሞ አንሥቶ የጫነው ዙሪያ ገባ ምስል ነው። በእኛ ዳርቻ በአብዛኛው የሚያጋጥሙን ነጥቦቹ ናቸው። ምስሉን ሲከፍቱ ወርና ዓመት በማያ ገጹ ጥግ ይጻፋል፤ ዕለቱ አይሰጥም። ሰዎች በጫኑት ምስል ላይ የሚጻፈው ወር የተነሣበት ሳይሆን የተጫነበት ሊሆን ስለሚችል እንደ መነሻ እንጂ እንደ ማስረጃ አይውሰዱት። ማፒላሪ በተባለው አገልግሎት ግን፣ በሰፈርዎ ምስል ካለ፣ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ካሜራው የመዘገበውን ዕለት ይዞ ስለሚመጣ የተሻለ ነው።

ከዚያ በኋላ በምስሉ ውስጥ የተጻፈውን ያንብቡ። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የቀበሌ ሰሌዳ፣ በግድግዳ የተለጠፈ አርማ ሁሉ የጊዜ ወሰን ይሰጣል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ስለሆነ አርማው የሚታይበት ሱቅ ከዚያ በፊት አልተነሣም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን የጀመረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። «ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ» የሚል ሰሌዳ ከ2013 ዓ.ም.፣ «ሸገር ከተማ» የሚል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ሊቀድም አይችልም። ማስታወሻ የሚያሻው ነገር እነዚህ ምልክቶች «ከዚህ በፊት አይደለም» የሚለውን ብቻ እንደሚያረጋግጡ ነው፤ የድሮ ሰሌዳ ሳይነሣ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል የአሮጌ ስም መኖር ምስሉን አሮጌ አያደርገውም።

ያገኙትን መመዝገብ

የሚፈልጉትን ነገር፣ ለምሳሌ አንድን አጥር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያልታየበትን ምስልና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን ምስል ለይተው ሁለቱንም ከነግርጌ ጽሑፋቸው ያስቀምጡ። የቦታውን መጋጠሚያ ቁጥሮች፣ የመሣሪያውን ስም፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ያዩበትንም ዕለት ይጻፉ፤ አገልግሎቶቹ ምስሎቻቸውን ስለሚለዋውጡ ዛሬ ያዩት ነገ ላይገኝ ይችላል። በተለያየ ቀን የተነሡ ምስሎች እርስ በርሳቸው በጥቂት ሜትሮች ሊንሸራተቱ፣ ሕንፃዎችም ሳተላይቱ ከጎን ስላየ ብቻ ያዘነበሉ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ «አጥሩ በአንድ ሜትር ገፍቷል» የሚለውን ነገር በእነዚህ ምስሎች መለካት አይቻልም፤ መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ይናገሩ። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ መሬት አስተዳደር የሚሄድ ከሆነ የመንግሥቱ የአየር ካርታ ይጠየቃል፤ የእርስዎ ምስል የትኛው ዓመት ላይ መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል።

ለሽማግሌ ወይም ለጎረቤት ሲያስረዱም «አጥሩ በዚህ ዓመት ታጠረ» አይበሉ። እንዲህ ይበሉ፦ «በታኅሣሥ 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በተነሣው ምስል አጥሩ አይታይም፤ በየካቲት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. በተነሣው ይታያል፤ በሁለቱ መካከል መቼ እንደታጠረ ግን ከምስሉ አላውቅም።»